ሳቅ የነፈግናቸው ዳይሬክተር

ፀጉር ቤት ከፍቼ መላጣ ደንበኛ አፈራሁ ብል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን እውነቴን ነው። ሲያትል ውስጥ ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው ፀጉር ቤቴ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ። ከጆሯቸው በላይ እንደ ነጠላ ጥለት ዞራ የቀረች ነጭ ፀጉር አለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ትንሽ ብቻ እንዳሳጥርላቸው፣ እንዳላበዛውም አዘዙኝ። ምኑን ነው የማበዛው? ሰው ማሳፈር አልወድምና አናታቸው ላይ ያለውን ባዶ አየር በመቀስ ስቆርጥ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ ሳይ፣ እንደገና ስቆርጥ ቆየሁ። ለካ በመስታወቱ እያዩኝ ነበር። ስጨርስ «አንቺ ጥሩ ተዋናይ ነሽ» አሉኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ስስቅ ፊቴን ብቻ ትክ ብለው አዩት።

እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሰማንያ ያለፉ ሰው እንደ እኩያዬ «ዩ» ስል ምላሴ አልታዘዝ አለኝ፤ ሶ፣ «አባባ» ማለት ጀመርኩ። ትርጉሙን ጠይቀውኝ ስነግራቸው በጣም ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ብጠራቸው አቤት አይሉም። የሚኖሩት እዚያው ኖርዝጌት ልጃቸው ቤት ነው። ልጃቸው ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካው ውስጥ ኢንጂነር ናት። እኔ ደግሞ ቤቴ ሬንተን፣ ሥራዬ ኖርዝጌት። በየጠዋቱ እሷ ስትወርድ እኔ ስወጣ ፍሪዌዩ ላይ እንተላለፋለን። አንድ ቀን ቤት እንቀያየርና ሁለታችንም እንቅልፍ እንጥገብ ብላት፣ እሺ፣ ግን ቤቱን ከነአባቴ ነው የምሰጥሽ አለችኝ።

ፊልም ሠሪ መሆናቸውን ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው። የሚቆረጥ ፀጉር ስለሌለ ለወሬ ጊዜ ነበረን። የተወለዱት ሰሜን ጃፓን ውስጥ፣ በክረምት በረዶ ቤቱን እስከ መስኮቱ በሚውጥበት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። አባታቸው የሰፈር መታጠቢያ ቤት ነበራቸው፤ ጎረቤቱ በሙሉ ከሥራ ሲመለስ አንድ ትልቅ የሞቀ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ የሚነከርበት ዓይነት። እናታቸው ከመንገዱ ማዶ ሲኒማ ቤት ውስጥ ትኬት ይቆርጡ ነበር። እሳቸው ገላቸውን አባታቸው ጋ እየታጠቡ፣ ፊልሙን እናታቸው ጋ በነፃ እያዩ አደጉ።

ጎልማሳ ሆነው ትልቅ ከተማ ሄደው ፊልም ኩባንያ ሲቀጠሩ ሥራቸው ለተዋናዮች ዣንጥላ መያዝ ነበር። ቀጥሎ ረዳት ሆንኩ፣ ቀጥሎ የረዳት ረዳት ሆንኩ፣ ወደ ታች ያደግኩ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ይሉኛል። ማልቀስ ያቃተው አንድ ተዋናይ ነበር አሉ፤ ምንም ቢደረግ እንባ ጠብ አይልለትም። በመጨረሻ ምሳ ዕቃህ ወንዝ ገባ ሲሉት እንባው ዱብ ዱብ አለ። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ፊታቸው አይፈታም። የሚያስቀውን ነገር የሚናገሩት የለቅሶ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ነው። እኔ ምላጭ ይዤ እንከተከታለሁ፤ አንድ ቀን ጆሯቸውን እንዳልቆርጠው ስፈራ ነው የኖርኩት።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ የራሳቸውን ፊልም እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። የሠሩት ኮሜዲ ነው። ታሪኩ የአባታቸውን ቤት የመሰለ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የሚሆነው። የባለቤቱን ሴት ልጅ ለማጨት የወንዱ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው በሚመጡበት ቀን ውኃ ማሞቂያው ይበላሻል። እንግዶቹ ሊከበሩ ነውና ገንዳው ውስጥ እንዲገቡ ይጋበዛሉ። ይገባሉ። ውኃው በረዶ ነው። ባለቤቱ አፍሮ ውኃው ቀዝቅዟል አይልም፤ እንግዶቹም አክብረውት በረደን አይሉም። እንዴት ያለ ግሩም ሙቀት ነው እየተባባሉ ይንቀጠቀጣሉ። በቃ፣ ፊልሙ ይኸው ነው።

የተከፈተ ዕለት አባባ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ መጋረጃው ጥግ ቆመው ነበር። ልማድ አላቸው፤ ፊልማቸው ለሰው ሲታይ እሳቸው ፊልሙን አያዩም። ጀርባቸውን ለፊልሙ ሰጥተው የተመልካቹን ፊት ነው የሚያዩት። አሁን ጆሯቸው ስለደከመ ይብሱን ፊት ብቻ ነው የሚያነቡት። ያን ዕለት አንድም ጥርስ አላዩም። አንዱ ተኝቶ ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ በብርድ ለተሰቃዩት ሰዎች አዝና አለቀሰች። ኩባንያው የሴትዮዋን እንባ አይቶ አንተ ለካ የምታስለቅስ ሰው ነህ አላቸውና ከዚያ ወዲያ ሐዘን ብቻ አሸከማቸው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ባቡር ጣቢያ፣ ዝናብ፣ ወጥቶ የቀረ ልጅ። አገር አስለቀሱ፣ ተሸለሙ፣ ስማቸው ገነነ። ሚስታቸው እስኪሞቱ ድረስ፣ ካንተ በላይ የሚያስቀኝ ሰው የለም፣ ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ ይሏቸው ነበር አሉ። ይህን ሲነግሩኝ መቀሱን አስቀምጬ ትከሻቸውን ያዝ አደረግኩ። አንጀቴን በሉት።

አንድ ቀን ሲመጡ ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። ልጃቸው ያንን የመጀመሪያውን ፊልም ከአሮጌ ቅጂ አስገልብጣ፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ ትርጉም ጽፋበት፣ ለልደታቸው ሰጥታቸው ነበር። ከዚያች የመክፈቻ ቀን በኋላ ለማንም አሳይተውት አያውቁም። አሁን ግን ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ፊት ማቅረብ ፈለጉ። ያስቃል ወይስ አያስቅም? ማወቅ የፈለጉት ያንን ብቻ ነው። እኔም ሲያትል ውስጥ ጃፓኑ ሞልቷል፣ ፊልም የሚወደው ፈረንጅም ሞልቷል፣ ለምን ለእነሱ አያሳዩም አልኳቸው።

«እነሱ ያውቁኛል» አሉ። «የሚያውቀኝ ሰው አክብሮኝ ይስቃል። እሱ ለእኔ ሳቅ አይደለም። የማያውቁኝን ሰዎች አምጪልኝ። ያስቃል ብለሽ እንዳትነግሪያቸው፣ ሳቁ ብለሽም እንዳትለምኚያቸው። ማዪልኝ።»

በእኛ ቤተክርስቲያን መማል ነውር ነው። ቢሆንም ማልኩላቸው።

የማያውቃቸው ሰው ከተፈለገማ እኛ ነን። ሬንተን ያለችው የወንጌላውያን ቤተክርስቲያናችን ውስጥ አንድ የጃፓን ፊልም ያየ ሰው ቢገኝ ምን አለች በሉኝ። ሕዝባችን ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ያደረ፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣ፣ ልጅ ይዞ ከአንዱ ኳስ ሜዳ ወደ ሌላው ሲሮጥ የዋለ ሰው ነው። የቤተክርስቲያናችንን ሽማግሌ ኮል አደረግኩና ለቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን ለመንኳቸው፤ ሽማግሌ ስል በሹመትም በዕድሜም ነው። ፊልሙ ስለ ምንድን ነው አሉኝ። ሰዎች ገላቸውን ስለሚታጠቡበት ቤት ነው፣ ግን ከትከሻ በታች ምንም አይታይም ብዬ ቶሎ አረጋጋኋቸው። ሰውዬውስ ማን ናቸው አሉ። ጃፓናዊ ዳይሬክተር ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ አገራቸው ውስጥ የተከበሩ አልኳቸው። ዳይሬክተር የምትለዋን ሲሰሙ ድምፃቸው ተለወጠ፤ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ለልጆቻችን በረከት ነው ብለው ወዲያው ፈቀዱ። ምን የልጆች ጉዳይ አመጣው ብዬ ትንሽ ገረመኝ። እሁድ ሥራ ስለገባሁ ማስታወቂያው ሲነገር አልሰማሁም።

ቅዳሜ አባባንና ልጃቸውን ይዤ ሬንተን ደረስኩ። ፓርክ ሳደርግ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ልጆች ከየመኪናው ይወርዳሉ፤ ሁሉም ነጭ ሸሚዝ፣ ፀጉራቸው በውኃ ተለጥፎ፣ ጫማቸው ተወልውሎ። እናቶች በጣታቸው ምራቅ እየነኩ የልጆቻቸውን ፊት ያብሳሉ። አባቶች ከረባት አስረዋል። አንዲት ባለሱቅ ወዳጄ ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ እኚህ ዳይሬክተር የየትኛው ትምህርት ቤት ናቸው፣ ልጄ ሒሳብ ላይ ሰነፍ ነው፣ ይመክሩልኝ ይሆን አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ወይ ጉድ! ለእኛ ሰው ዳይሬክተር ማለት የትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ አርጩሜ ይዞ የሚቆም፣ አርፋጅ የሚያንበረክክ፣ ወላጅ አምጣ የሚል ሰው ነው። የፊልም ዳይሬክተር መኖሩን አጥተነው አይደለም፤ ግን ቃሉን በድንገት ስንሰማ ቀድሞ የሚመጣብን አርጩሜው ነው። ሽማግሌው እሁድ ከመድረክ ላይ፣ አንጋፋ የጃፓን ዳይሬክተር ስለ ንጽሕናና ሥርዓት የሚያስተምር ፊልም ይዘው ስለሚመጡ ልጆች ታጥበው፣ ለብሰው፣ ጨዋ ሆነው ይገኙ ብለው ኖሯል።

መድረክ ላይ ወጥቼ ነገሩን ላስተካክለው አሰብኩ። ግን ምን ልበል? እኚህ ሰው የትምህርት ቤት ሳይሆን የኮሜዲ ዳይሬክተር ናቸው ካልኩ፣ ሳቁላቸው ማለቴ ነው። ሕዝቤን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ሊደሰት ነው ከተባለ ግድግዳ አይቶም ይስቃል። አባባ ደግሞ የፈሩት ይህንኑ ነው። አንዴ ምያለሁ። አፌን ዘጋሁ።

ኋላ ወንበር ላይ ከአማቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አማቴ የጉራጌ ሴት ናቸው፤ ልባቸው ወርቅ ነው፣ ግን እግዜር ሹክሹክታን አልፈጠረባቸውም። ቀስ ብለው ተናገሩ የተባለው ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ስለዚህ ሰው እንዳይረብሹ ብዬ ሆን ብዬ ግድግዳው ጥግ ወሸቅኳቸው። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ከሥር የተጻፈውን እኔ እተረጉምላቸዋለሁ ተባብለናል።

አባባ ደግሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወንበር አንስተው ሄዱና ስክሪኑ ሥር አስቀመጡት። ወደ ሕዝቡ አዞሩት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ በዚያ በማይፈታው ፊታቸው እያንዳንዱን ሰው መመልከት ጀመሩ። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። የሚኒስትሪ ፈተና እንኳ እንዲህ ዓይነት ፈታኝ አልነበረውም። ኦኬ፣ አልቆልናል አልኩ በልቤ።

ፊልሙ ተጀመረ። ከኋላ ሆኜ ሁለት ነገር ይታየኛል፤ የሰዉ ጀርባና የአባባ ፊት። ማሞቂያው ሲፈነዳና ባለቤቱ በማራገቢያ እሳት ሊያስነሳ ሲሞክር ሁለት ሦስት ትከሻ ዘለለ። ከዚያ ሳል በዛ። ሰዉ ሁሉ ድንገት ጉንፋን የያዘው ይመስል ያስላል። አንድ ልጅ ሳቅ አመለጠውና እናቱ ጭኑን ቆነጠጠችው። እንግዶቹ ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወተፉ፣ ወንዶቹ ግንባራቸውን ደፍተው በመዳፋቸው ያዙ። ከኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እየሞቱ ነው በሳቅ! ግን ዳይሬክተር ፊት ማን ደፍሮ ይሳቅ?

እሳቸው የሚያዩት ግን ትከሻቸውን አይደለም። የሚያዩት የተሸፈነ አፍ፣ የተደፋ ግንባርና ከታፈነ ሳቅ የሚፈስ እንባ ነው። እነዚህም የሚያለቅሱ መሰላቸው። የዚያች የመጀመሪያዋ ሴትዮ ዘመዶች ሬንተን ድረስ ተከትለዋቸው የመጡ ያህል ሆነባቸው መሰለኝ። መጀመሪያ ዓይናቸው ከሰው ወደ ሰው ይሄድ ነበር። ቀስ በቀስ መሄዱን ተወ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና ጉልበታቸው ላይ ያለውን እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ልጃቸው ከፊት ረድፍ ዞራ አየችኝ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ተነስቼ፣ ኧረ በናታችሁ ሳቁ፣ ኧረ አፋችሁን ልቀቁ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ወንበሩን ጨምድጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ስክሪኑ ላይ የሽማግሌዎቹ ሽማግሌ፣ ከሁሉ የሚከበሩት፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ትንሽ ሙቅ ውኃ ልጨምርልዎ ወይ ይላቸዋል። እሳቸው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ አይ አይ፣ አይቸገሩ፣ እንዲያውም አላበኝ ይላሉ። ይህን ለአማቴ በጆሯቸው ተረጎምኩላቸው።

አማቴ ሲያዩ ቆዩና፣ በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸው፣ «ኧረ እኚህን ሰውዬ አውጧቸው፣ ይሉኝታ ሊገድላቸው ነው!» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰማ። ከዚያ ፊት ለፊት ረድፍ ላይ፣ ከረባታቸውን አስረው የተቀመጡት የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ አፍንጫቸው ተነፋ። ሊይዙት ሞከሩ፤ አልተያዘም። ከት ከት ብለው ሳቁ። እሳቸው ከሄዱ ማን ይቀራል? ግድቡ ተናደ። ልጆች ከወንበር ወደቁ። ያች ባለሱቅ ወዳጄ ጫማዋን አውልቃ ወለሉን ትመታበታለች። ከኦበርን የሌሊት ሥራ መጥቶ እንቅልፍ ያንጎላጀው የነበረው ሰውዬ ቆሞ ነው የሚስቀው። ከዚያ በኋላማ ሰዉ ስክሪኑን ማነጋገር ያዘ፤ አንዱ ውጡ ይላል፣ አንዱ እሳት አንድዱ ይላል፣ አንዷ ደግሞ ልጅቷን ይስጧቸውና ይገላገሉ ትላለች። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በልጆቹ እንግሊዝኛም ነበር። አማቴ ምን አስቃቸው እያሉ እኔን ይጠይቁኛል።

አባባ ቀና አሉ። አፋቸው ትንሽ ተከፈተ። ግን ደስ አላላቸውም። ከሕዝቡ በላይ አሻግረው እኔን ፈለጉና ዓይኔን ያዙት። ነገራቸው ገባኝ፤ ነግረሻቸዋል ነው የሚሉኝ። እጄን ዘርግቼ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልነገርኩም አልኩ። አላመኑኝም። እስከ ፊልሙ መጨረሻ ድረስ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር እሳቸው እንደ ዳኛ እያንዳንዱን ፊት ሲመረምሩ ቆዩ። እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ሲሰጡትም የማይቀበል!

መብራት ሲበራ ሳቁ ጠፋና እፍረት መጣ። እናቶች የልጆቻቸውን ኮሌታ ማስተካከል ጀመሩ። ባለሱቋ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ዘግተው፣ ወደ አባባ ሄዱ። እንድተረጉም በእጃቸው ጠሩኝ። አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አባባም ዝቅ አደረጉ፤ ሽማግሌው ይብስ ዝቅ አሉ።

«ክቡር ዳይሬክተር» አሉ፣ «በሁላችንም ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ፊታችን ተቀምጠው ሳቅንብዎ። ልጆቹን አይቀየሟቸው፤ ጥፋቱ የእኛ የአዋቂዎቹ ነው። እንዳንስቅ ብዙ ታገልን፤ አቃተን።»

አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩት። አባባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፦ እንዳይስቁ ታግለው ነበር፣ አቃታቸው፣ ይቅርታ እየጠየቁዎት ነው። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ሰውዬው ምን ያህል እንደታገሉ ጠይቂልኝ አሉኝ።

ጠየቅኩላቸው። ሽማግሌው ሊቀጡ የቀረቡ መስሏቸው ወደ መሬት አዩና፣ «ምላሴን እስክነክሰው ድረስ» አሉ።

ይህንንም ተረጎምኩ። አባባ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ሳቁ። ትከሻቸው፣ ሆዳቸው፣ ያች የቀረችው ፀጉራቸው ሁሉ ነው የሳቀው። ሽማግሌው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ፣ ሰዉም ተከተለ። ልጃቸው ክንዴን ጨብጣ ይዛ፣ «እናቴ ከሞተች ጀምሮ...» አለችና መጨረስ አቃታት። እኔም አላስጨረስኳትም፤ እየሳቅኩ ነበር።